ከሦስት በታች

ትርንጎ መርፌ የምታነሣው ቁርሷን በልታ፣ ሳህኗን አጥባ፣ እጇን በሁለት ውሃ ታጥባ ስታበቃ ነው፤ በቅባት እጁ ጨርቅ የሚነካ ሰው በእሷ ዘንድ ሰው አይባልም። ስልሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ፊደል አልቆጠረችም፣ ስሟን መጻፍ አታውቅም፤ ነገር ግን በድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር፣ ደብተር ተሸክመው ካደጉት ሴቶች መካከል፣ በእሷ ዕድሜ ያለ መነጽር ክር በመርፌ ዓይን የምታሾልክ ካለች ትምጣ ብላ እድር ላይ ስትናገር ብድግ ያለች አልነበረችም። የቀሚስ አንገትና እጅጌ እየጠለፈች ነው ራሷን የምታስተዳድረው። የማንንም እንጀራ በነፃ አልበላሁም ትላለች፤ እውነቷን ነው።

የምትኖረው በእህቷ ልጅ በአሥራደ ቤት ነው፤ የባቡሩ ሰዎች ሐዲዱን በዘረጉበት ዘመን የቆመ፣ ጣሪያው የራቀ፣ ግድግዳው ክንድ የሚውጥ፣ ደጁ ላይ ሁለት የኒም ዛፎች ያሉት ቤት። አሥራደ ዕቃ ሊያስመጣ ጅቡቲ ሲመላለስ የባሕር ነገር ልቡን ወሰደው። ሰው ከጅቡቲ ሽቶ ያመጣል፣ እሱ ድንጋይ አመጣ። ሳሎኑን ባዶ አደረገና መሀሉ ላይ የአልጋ ርዝመት ያለው የመስታወት ገንዳ አቆመ፤ በጨው ውሃ ሞላው፤ ኮራል የሚሏቸውን፣ ድንጋይ ይሁኑ አበባ ይሁኑ እንስሳ ይሁኑ ያልለየላቸውን ነገሮች ተከለበት፤ የውጭ ፀሐይ ውሃውን አረንጓዴ ያደርገዋል ብሎም የመስኮቶቹን መዝጊያዎች በሚስማር መታቸው። ከዚያ ወዲህ በዚያ ክፍል ጠዋት የለም፣ ማታም የለም። ያለው ከጣሪያው በሰንሰለት የተንጠለጠለው መብራት፣ የፓምፑ ጉርጉርታና፣ በጨው ታሽቶ የተረሳ እርጥብ ጨርቅ የመሰለ ሽታ ብቻ ነው።

አሥራደ ለአሥራ አምስት ቀን ጅቡቲ ሊሄድ ሲል ከመብራቱ ሥር አቁሞ አስጠናት። ማዞሪያው ሲዞር ቀጭ ይላል፤ ከአንድ እስከ አሥር ቀጭ።

«አክስቴ፣ ሦስት ቀጭታ። እኔ እስክመጣ ቀንም ሌሊትም ሦስት ላይ ይብራ። ከዚያ ካለፈ ነጥተው ይሞታሉ። ጥልቅ ቦታ የኖሩ ናቸው፣ ብርሃን ቀስ በቀስ ነው የሚለምዱት።»

«እንደ ጨቅላ በለኛ! መጀመሪያ ጓዳ፣ ከዚያ የጠዋት ፀሐይ። ይህን ለማወቅ ባሕር ድረስ ምን አንከራተተህ? እኔን ብትጠይቀኝ ምን አለ?»

አሥራደ ሳቀ። ቀጥሎ የተናገረውን ግን ሳይስቅ ነው የተናገረው። «ከሦስት በታችም እንዳታወርጂው።» በገንዳው ጥግ ያለውን፣ ባለፈው ሳምንት ያመጣውን ጥቁር ድንጋይ በአገጩ አመለከታት። የሰው ራስ ያክላል፤ መሀሉን የዳነ ቁስል የመሰለ ስንጥቅ አቋርጦታል። «ብርሃን ሲያንሰው ያ ይከፈታል አለኝ፣ ያወጣው ጠላቂ።»

«ቢከፈትስ?»

«እኔም ጠይቄው ነበር። ሳይመልስልኝ ሄደ።»

«ታዲያ ምን ብለህ ቤት አስገባኸው? አቦ፣ አንተ ልጅ!»

«ፓምፑ ጣሪያ ላይ ባለችው የፀሐይ ኃይል ሳህን ነው የሚሠራው፣ እሱን አትንኪው» ብሎ ወሬውን ለወጠው።

ትርንጎ ግን በዋዜማው የባሰ ነገር ሰምታለች። አሥራደ በረንዳ ላይ ቆሞ ለታናሽ እህቱ በስልክ፣ «ለጊዜው ዓይኗ ደህና ነው። የደከመ ዕለት ግን ቦታ አይቼላታለሁ፤ ንጹሕ ቦታ ነው» ሲል ነበር። ንጹሕ ቦታ ምን እንደሆነ ታውቃለች፤ አንድ ጊዜ ለጥየቃ ሄዳ አይታዋለች። አሮጊቶች ግድግዳ ተደግፈው ተደርድረው ምሳ የሚጠብቁበት፣ እንዳትወጊ ተብለው መርፌያቸውን የሚቀሙበት ቦታ ነው። በዚያች ሌሊት፣ ዓይኔ ካልደከመ ማንም አያነሣኝም ብላ ለራሷ ነገረች።

ጠዋት አሥራደ የግቢውን በር ለሌባ ብሎ ከውጭ ቆልፎ ሄደ፤ ትርፉን ቁልፍ ለጎረቤቷ ለአልጣሽ ሰጣት። ትርንጎ ከአልጣሽ ጋር ከፋሲካ ወዲህ ተኳርፋለች፤ አልጣሽ በሰው ፊት «የትርንጎ ጥልፍ ድሮ ቀረ፤ አሁን ዓይን ያንሰዋል» ብላለችና። እሷን እርጂኝ ከማለት ግንቡን በጥፍር መፈልፈል ይቀላል።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ሰላም ነበሩ። አንዲት ሙሽራ ያዘዘችው ቀሚስ አለ፤ አንገቱና ደረቱ ገና ነው። ውጭ ሙቀቱ አያስቀምጥም፣ የእሷ መኝታ ክፍል ደግሞ ጠባብ ነው፤ ስለዚህ ዱካዋን፣ ያችን አጭር መቀመጫዋን፣ ገንዳው አጠገብ ስባ፣ ጨርቁን ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጋ ይዛ ትጠልፋለች። በሦስት ቀጭታ ብርሃን ክሩ በመጀመሪያው አልገባም። በሁለተኛውም። ምራቋን አስነካችው፣ በጥርሷ አሾለችው፣ በአራተኛው ገባ። ዞር ብላ ያየ ሰው እንዳለ ተመለከተች፤ ማን ሊኖር! በማግሥቱ ሰባት ጊዜ ፈጀባት። መብራቱ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም አለችና ተነሥታ ማዞሪያውን ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፤ ስድስት ላይ አደረሰችው። ክሩ ገባ።

«አላልኩም?» አለቻቸው፣ ገንዳው ውስጥ ያሉትን ሁለት ብጫ ዓሣዎች።

በአራተኛው ቀን ጠዋት የኮራሎቹ ጫፍ ነጭ ሆኖ አገኘችው። ነጭ ሲባል የጥጥ ነጭ አይደለም፤ ውሻ የተወው አጥንት ከከረመ በኋላ የሚያመጣው ዓይነት ነጭ ነው። ፊቷ ድቅን ያለባት የአሥራደ ቁጣ ሳይሆን ያ ንጹሕ ቦታ ነው። ለምን ከፍ አደረግሽው ሲላት ምን ልትለው ነው? ክሩ አልታየኝም? ሦስት ላይ መመለስ እንዳለባት አልጠፋትም፤ ነገር ግን ምች የመታው ሰው ጨለማ ክፍል እንዲተኛ እንጂ በር ላይ እንዲቀመጥ ያደረገ የለም፤ የተቃጠለ ጥላ ቢበዛለት ነው የሚድነው። አርባ ዓመት ሙሉ ልጆች ስታስታምም የሠራችበትን ነገር በአንድ ጠላቂ ወሬ አትተውም። ማዞሪያውን ወደ ኋላ ጠመዘዘችና ሁለት ላይ አቆመችው።

ክፍሉ ወደ ሰማያዊ ጭልማት ወረደ። ለብዙ ጊዜ ምንም አልሆነም፤ ፓምፑ ብቻ፣ ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ሽማግሌ፣ ጉርጉር እያለ ቆየ። ከዚያ ሁለቱ ዓሣዎች አንድ ላይ ዞሩ፤ ከድንጋዩ ወደሚርቀው ጥግ ሄዱና አፍንጫቸውን መስታወቱ ላይ ለጥፈው ቆሙ፤ መንቀሳቀስ የተከለከሉ ይመስሉ ነበር። የድንጋዩ ስንጥቅ ላላ። አልተከፈተም፤ የተኛ ሰው ከንፈር እንደሚላላ ላላ። በመሀሉ አንድ እርጥብና ክብ ነገር፣ በጨለማ በረት ያለች ላም ዓይን ፋኖስ ሲያገኘው እንደሚያደርገው ብልጭ ብሎ ተመለሰ። ትርንጎ አማተበች፤ ፊቷን አዞረች፤ ወደ ሥራዬ ልመለስ ብላ ክርና መርፌዋን አነሣች።

ክሩ በመጀመሪያው ገባ።

አወጣችውና ደግማ ሞከረች። ገባ። ቀጭኑን የሐር ክር ሞከረች፤ ገባ። ብቻዋን በተዘጋ ቤት ውስጥ ጮክ ብላ ሳቀች። በዚያን ቀን እንደ ሃያ ዓመት ልጅ ጠለፈች፤ ጨርቁ ራሱ የተሸመነበት ድርና ማግ እያንዳንዱ ለብቻው ይታያት ነበር። በማግሥቱ ለኮራሎቹ ይሻላቸዋል ብላ አንድ ላይ አወረደችው፤ ኮራሎቹ አልተሻላቸውም፣ እሷ ግን ከትናንቱ አብልጣ አየች። ብርሃን ሲያንስ ማየት እንዴት ይበዛል ብላ አልጠየቀችም። የጎደለውን ያገኘ ሰው ከየት መጣ አይልም።

በዚያው ቀን ቀትር ላይ ያጠበችውን ልታሰጣ ግቢ ስትወጣ ሰማዩ አመድ መስሎ ጠበቃት። የኒሞቹ ጥላ መሬት ላይ አይታይም። ዝናብ ሊመጣ ነው ብላ ልትመለስ ስትል ከግንቡ ወዲያ የአልጣሽ ድምፅ መጣ።

«ኧረ ይቺ ፀሐይ ዛሬስ ልትጨርሰን ነው! ትርንጎ፣ አለሽ? ወይስ ከዓሣዎቹ ጋር ጠልቀሽ ቀረሽ?»

«አለሁ። አንቺን ደስ እንዳይልሽ ብዬ አልሞትም።»

«የሙሽራዋ ቀሚስ እንዴት ሆነ? ዓይንሽ ካስቸገረሽ ክሩን እኔ ላስገባልሽ፤ ነውር የለውም።»

«አንቺ መጀመሪያ አፍሽን ስፊ። ፀሐይ ትያለሽ ደግሞ! የቱ ነው ፀሐዩ?»

አልጣሽ ከግንቡ ወዲያ ከት ብላ ሳቀች፤ ቀልድ መስሏት ነው። ትርንጎ ጨርቁን ገመዱ ላይ ስትጥል ግን የእጇ ጀርባ ተቃጠለ። ከዚያ ከአመዱ ሰማይ የሚወርደው ሙቀት የቀትር ፀሐይ ሙቀት ነበር።

ከዚያ በኋላ ጨለማው ወደ ውስጥ እየተጠጋ መጣ። መጀመሪያ ግቢውን ወሰደ፣ ቀጥሎ በረንዳውን፣ ቀጥሎ ማድ ቤቱን፤ በጠራራ ቀን ሽንኩርት በዳበሳ የምትልጥ ሆነች። ማቀዝቀዣው ውስጥ ያለው ወጥ ሸተተ፤ ማቀዝቀዣውን ረገመችው። ስልኳን ብትሰካው አልሞላ አለ፤ ቻርጀሩን ረገመችው። አንድ ሰው ቢጠይቃት ክረምቱ ዘንድሮ ቀደመ ትለው ነበር፤ የሚጠይቅ የለም። ገንዳው ፊት ስትመለስ ግን ሁሉ ነገር ይገለጥላታል። ቀለም የለውም፣ ጥላ የለውም፤ ከየት እንደሚመጣ የማይታወቅ፣ በሁሉም ላይ እኩል የፈሰሰ፣ የታጠበ አጥንት የመሰለ ግልጽነት ነው። ስለዚህ ዱካዋን ይበልጥ አስጠጋች። ዳቦዋንም የውሃ ማሰሮዋንም እዚያው አመጣች፤ ፍራሿንም ጎትታ እገንዳው ሥር አነጠፈች። ጨርቁን ከፍ አድርጋ ይዛ ስትጠልፍ ከጨርቁ በላይ የራሷ ፊት ትክ ብሎ ይታያታል። መስታወት ነው፣ መስታወት ፊት ያሳያል፤ ምኑ ይገርማል?

አንድ ቀን መቀሷን በቀኝ በኩል አይታ እጇን ብትዘረጋ ባዶ ወለል ዳበሰች፤ መቀሱ በግራዋ ነበር። ትንሽ ቆይቶ መርፌው ወደ ቀኝ አውራ ጣቷ ሲሄድ እያየች የተወጋው ግራው ሆነ። ደሙን መጠጠችና ድካም ነው አለች። ጥቂት ጠልፋ ጨርቁን ጭኗ ላይ ልታሳርፍ ስትል ግን ጣቶቿ በእሷ በኩል ቋጠሮ ነኩ። ቋጠሮ የሚኖረው በጥልፍ ጀርባ ነው። ጀርባው ወደ እሷ፣ ፊቱ ወደ መስታወቱ ነበር፤ እሷ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ስታየው የዋለችው ፊቱን ነው፤ አበባውን፣ ቅጠሉን፣ የመስቀሉን ጫፍ። ቀስ ብላ ፊቱን ወደ ራሷ አዞረችው። የታያት ቋጠሮው፣ የተንጠለጠለው ክር፣ የጥልፉ ሆድ ዕቃ ነው። መልሳ አዞረችው። አበባው ተመለሰ።

ጨርቁን ጭኗ ላይ ጣለችው።

«በቃ!» አለች በመጨረሻ፣ ሰው እንደሚቆጣ አድርጋ። ተነሥታ ማዞሪያውን ጨበጠችና አሥራደ እንዳላት ወደ ሦስት አመጣችው። ቀጭ፣ ቀጭ። ምንም የለም። ወደ ስድስት። ምንም። ጣቷ እስኪያማት አሥር ላይ አደረሰችው፤ ክፍሉ አልደመቀም፣ አልደበዘዘም፤ ያው ግልጽነት ነው። ያን ጊዜ ድንጋዩን ፈለገችው። ኮራሎቹ አሉ፤ ነጭ ጀርባቸው ከወትሮው ቀርቦ ይታያታል። ዓሣዎቹ ከሩቁ ጥግ አሉ። ድንጋዩ የለም። ራሷን ወዲያ ብታዞር፣ ወዲህ ብታዞር፣ ጎንበስ ብትል ድንጋዩ የትም የለም።

ወጥቷል አለች በልቧ። ከውሃው ወጥቶ ክፍሉ ውስጥ ከእኔ ጋር አለ።

ጋቢዋን ከፍራሹ ላይ መንጭቃ፣ የቀረ ነገር ካለ እንዳይከተለኝ ብላ ገንዳው ላይ ጣለችበት። ዓለም ጠፋ። ጨለማ አይባልም፤ ጨለማ እንኳ መልክ አለው፤ ይሄ ምንም ነው። የራሷን ጩኸት ሰማችና ጋቢውን በሁለት እጇ ቦጭቃ ጣለችው። ግልጽነቱ ተመለሰ፤ በመስታወቱ ላይ የራሷ ፊት፣ አፉ ገና ሳይዘጋ፣ ያያታል።

ሮጠች። በዚያ ዕድሜዋ፣ በባዶ እግሯ፣ ግድግዳ እየዳበሰች ሮጠች። ከክፍሉ በር ሲያልፉ ረጅም ኮሪደር ነው፤ እዚያ ስትደርስ ኮሪደሩ የለም፣ እጇም የለም። ዓይኗ ላይ የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፀሐይን ትክ ብሎ ያየ ሰው ዓይኑ ላይ እንደሚቀርበት፣ ባዶዋ ዱካና ከአጠገቧ የወደቀው ጋቢ። እግሯ የበረንዳውን ደረጃ አገኘ። ፀሐይ ራሷን መታት። የግቢው በር ብረት እጇን ለበለባት፤ ቁልፉን ከውጭ ሲንኳኳ ሰማችው፣ አልተንቀሳቀሰም።

«አልጣሽ!» ብላ ጮኸች፤ ከፋሲካ ወዲህ ስሟን ስትጠራ የመጀመሪያዋ ነው። «አልጣሽ፣ እህቴ፣ ነይልኝ!»

በመንገዱ ባጃጅ አለፈ። ዋኖስ ወፍ ኒሙ ላይ አልጎመጎመች። አልጣሽ ገበያ ሄዳ ይሁን ቀብር ማን ያውቃል። ትርንጎ ድምጿ እስኪዘጋ ተጣራች፣ ውሃም አልያዘችም፣ ጥላውም የት እንዳለ አይታያትም። ያ ነገር የት እንዳለም አይታያትም፤ ከኋላዋ ቢቆም፣ ከጎኗ ቢቆም በምን ታውቃለች? ሰው የሚፈራውን ነገር ቢያይ ይሻለዋል። እየዳበሰች ወደመጣችበት ተመለሰች። የክፍሉን በር ስታልፍ እጇ መጣላት፣ እግሯ መጣላት፣ ዱካዋ መጣችላት፤ ተቀመጠችና አለቀሰች፤ ለሰው አልቅሳ የማታውቅ ሴት።

ከዚያ ወዲያ ስንት ጊዜ እንደሆነ አላወቀችም። ዳቦው አለቀ። ቀሚሱ አለቀ፤ ጀርባውን ወደ ራሷ አድርጋ ጨረሰችው፣ ከጠለፈችው ሁሉ የሚያምር እሱ ነው። አንድ ቀን የግቢው ቁልፍ ሲዞር ሰማች።

«ትርንጎ! አሥራደ ስልኳ አይነሣም ብሎ አበደብኝ፤ እኔ ደግሞ እህቴ ዘንድ ለቅሶ ሰንብቼ... ኧረ ምንድን ነው የሚሸተው? የት ነሽ?»

«እዚህ ነኝ። ዓይን የለሽም?»

የአልጣሽ ኮቴ ደጃፉ ላይ ቀጥ አለ። ትርንጎ አየቻት፤ በሩ ላይ ቆማ እጇን ወደ ፊት ዘርግታ እንደ ዕውር ትዳብሳለች።

«በዚህ ድቅድቅ ምን ዓይን ያያል? መብራት ከጠፋ አምስት ቀኑ እኮ ነው፣ ሰፈሩ በሙሉ! አንቺ ሴት፣ አምስት ቀን ሙሉ በጨለማ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ስጠልፍ ነበራ!» አለች፤ የተናገረችውን የሰማችው ግን ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው። አልጣሽ የስልኳን ባትሪ አበራችና ወደ ዱካዋ ተጠጋች፤ ብርሃኑንም ወደ ትርንጎ ፊት ከፍ አደረገችው።

«ትርንጎዬ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። ስድብ የለበትም፣ ቀልድ የለበትም፤ በድን ላይ የሚያለቅሱ ሰዎች እንዲህ ነው የሚጠሩት። «ዓይንሽን ምን አደረግሽው? ሁለቱም... ነይ፣ ነይ እህቴ። ያዢኝ። እኔ ላውጣሽ።»

የአልጣሽ እጅ ክንዷን ያዘው፤ ሞቃት፣ ሽንኩርት የሚሸት፣ የሰው እጅ ነው። ትርንጎ አልጎረበጣትም፤ ደስ አላት። ከጭኗ ላይ ቀሚሱ ሲንሸራተት ተሰማት። ተነሣች፤ ወለሉ ከእግሯ ሥር ቀዘቀዘ፤ አንድ እርምጃ፣ ሌላ እርምጃ፤ የኮሪደሩ ነፋስ ጉንጯን ነካው፤ ያየችው ግን፣ ከውሃው ውስጥ፣ ከመስታወቱ ወዲህ ሆና፣ አልጣሽ አንዲት ኩምትር ያለች አሮጊት በክንዷ ደግፋ፣ ሁለቱም ጀርባቸውን ሰጥተው ሲወጡና በሩ በእሷ ላይ ሲዘጋ ነው።